ሰዎቹ የት ሄዱ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የመጽሔቱ የቆየሁ አንባቢ ነኝ፤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። 34 ዓመቴ ነው፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ወር ሎስ አንጀለስ የምትኖረው እህቴ አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ አሪታ ፍራንክሊን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «አሜዚንግ ግሬስ» የሚለውን መዝሙር ስትዘምር ነው። «እዚሁ እኔ ያለሁበት ከተማ ነው የተቀረጸው» ብላ ነው የላከችው። ከሥራ ስመለስ መገናኛ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። የሴትዮዋን ስም ከመስማት ውጪ ዘፈኖቿን አላውቅም። ፕሮቴስታንት አይደለሁም። እንግሊዝኛውም ግማሹ ነው የገባኝ። ግን ፒያኖ ይመታ የነበረው ሰውዬ ፊቱን ሸፍኖ ማልቀስ ሲጀምር እኔም ዝርግፍ አልኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ እናት «አይዞሽ ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?» ብለው ሶፍት አወጡልኝ። ምን ልበላቸው? ዝም አልኩ። ቤት ገብቼ ሌሎች ዘፋኞች ይህንኑ መዝሙር የተጫወቱትን ፈልጌ ሰማሁ። ያምራል፤ ግን ምንም አላለኝም። ከ50 ዓመት በፊት የተዘመረ ነገር እንዴት እንዲህ ያደርጋል? ልዩነቱስ ምኑ ላይ ነው?
(የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ልጄ፣ በመጀመሪያ ሶፍት የሰጡሽን እናት እግዜር ይስጣቸው። ወደሳቸው ጥያቄ በኋላ እመለሳለሁ፤ ከአንቺ ጥያቄ የሚያንስ አይደለም።

አንቺን ያስለቀሰሽ ሰውዬ ጄምስ ክሊቭላንድ ይባላል። ቄስ ነው፣ ዘማሪ ነው፣ በዘመኑ በጥቁር አሜሪካውያን መዝሙር ውስጥ እሱን የሚያህል የኳየር ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር። አንድ ነገር ልንገርሽና ቪዲዮውን እንደገና እዪው። ይህ ሰው አሪታን የሚያውቃት ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። ዲትሮይት ውስጥ አባቷ በሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ይመራ ነበር፤ ፒያኖ ካሳዩዋት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። እናቷ ቤቱን ትተው ሲሄዱ አሪታ የ6 ዓመት ልጅ ነበረች፤ 10 ዓመት ሳይሞላት ደግሞ እናትየው አረፉ። ክሊቭላንድ ይህን ሁሉ ያውቃል። ያቺ ልጅ አድጋ፣ በዓለም ስሟ ናኝቶ፣ 29 ዓመቷ ላይ መጥታ አጠገቡ ቆመች። ያንን መዝሙር ደግሞ በሕይወቱ ስንት ሺህ ጊዜ እንደመታው እግዜር ይወቀው። ሰውዬው ሰምቶት የማያውቅ ነገር አልሰማም። የሚያውቀውን መዝሙር ከሚያውቃት ልጅ አፍ ሰማ። እና አልቻለም፤ ፒያኖውን ትቶ ፊቱን በጨርቅ ሸፈነ።

ጊዜው ጥር 4 እና 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 13 እና 14፣ 1972። እኛ አገር ለጥምቀት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። ቦታው በሎስ አንጀለስ ዋትስ ሰፈር አካባቢ የሚገኝ ኒው ቴምፕል ሚሽነሪ ባፕቲስት የሚባል ቤተ ክርስቲያን ነው። ድሮ ሲኒማ ቤት ነበር። ቪዲዮው ላይ እንዳየሽው ትልቅ አዳራሽ እንኳን አይደለም፤ ሰዉ ተጠጋግቶ ነው የተቀመጠው። መዘምራኑ ጥቁር ለብሰው ብርማ ሰደርያ ደርበዋል። አሪታ የመጀመሪያው ምሽት ላይ ነጭ ነው የለበሰችው። የካሜራ መብራቱ ያቃጥላል፤ ላቧ ከግንባሯ ሲወርድ ይታያል። እና ልብ በዪ፣ አታወራም። ሌላ ዘፋኝ ቢሆን «እንዴት አመሻችሁ» ይላል፣ ይቀልዳል። እሷ ግን ወሬውን ሁሉ ለክሊቭላንድ ትታ ዓይኗን ጨፍና ትዘምራለች።

አሁን ወደ ዘፈኑ። መዝሙሩ በሰው ሁሉ አፍ ሲዘመር 3 ወይም 4 ደቂቃ ነው። እሷ 11 ደቂቃ ገደማ ወሰደችበት። ግጥም ጨምራ እንዳይመስልሽ። ቃሉን እየጎተተች ነው። ምት የለውም፤ በእጅሽ ልታጨበጭቢለት ብትሞክሪ አይሆንልሽም። አንዱን ቃል ትይዝና ታወጣዋለች፣ ታወርደዋለች፣ ታንቆረቁረዋለች፣ ልትጨርሰው ስትል ትመልሰዋለች። የእኛ ሰው ይህን ያውቀዋል። እንጉርጉሮ እኮ እንዲህ ነው። አንድ ቃል ላይ ተቀምጦ መቆየት።

ግን ብቻዋን አይደለችም። እሷ አንድ ሐረግ ትልና ትንፋሽ ትወስዳለች። በዚያች ትንፋሽ መሀል ምን እንደሚሰማ አስተውለሻል? ከኋላዋ ካሉት መዘምራን አንዱ ይጮኻል። አንዷ ሴት «አዎ!» ትላለች። ሌላው እጁን ያጨበጭባል። እሷ ያንን ሰምታ ነው ቀጣዩን የምታነሳው። ጩኸቱ ከበረታ ከፍ ታደርገዋለች፤ ዝም ካሉ ዝቅ አድርጋ ትጠራቸዋለች። አዝማሪ «ተቀበል!» ሲል ምን እንደሚፈልግ ታውቂያለሽ አይደል? ተቀባይ ከሌለ አዝማሪው ቆመ ማለት ነው። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማንም «ተቀበል» አላለም፤ ሁሉም ግን ይቀበላል። መዘምራኑን እያቸው። ሥራቸው ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነበር። አንዱ ብድግ ይላል፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ መቀመጥ የቻለ የለም።

ስለራሴ አንድ ነገር ላውጋሽ። ወጣት ሳለሁ ሥራዬ ድምፅ መቅዳት ነበር። ሰርግ ቤት፣ ማኅበር ቤት፣ የትም። በ1978 ወይም በ79 ዓ.ም. ይመስለኛል፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ አንድ ሰርግ ልቀዳ ሄድኩ። ሁለት ማይክ አለኝ። አንዱን ለዘፋኝ፣ አንዱን ለሰዉ ነው የማስቀምጠው። ሙሽሪት ልትሸኝ ስትል አያቷ ተነሱና ማንጎራጎር ጀመሩ። ምን አይነት ድምፅ መሰለሽ! ትንሽ የደከመ፣ ግን መረዋ። እኔ ደግሞ ጎበዝ ነኝ ባይ ነበርኩ። ማይኩን አፋቸው ሥር አስጠጋሁት። ከኋላ ልጆች ይንጫጫሉ፣ ሳህን ይንኳኳል፣ ሴቶቹ ገና ሴትዮዋ ሳይጨርሱ እልል ይላሉ። ይሄ ጫጫታ ቅጂዬን ሊያበላሽብኝ ነው ብዬ ሁለተኛውን ማይክ ዘጋሁት።

ካሴቱን ጥርት አድርጌ ሰጠኋቸው። በሳምንቱ የሙሽሪት እናት ካሴቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሱቄ ድረስ መጡ። ተበላሽቶ መስሎኝ ደነገጥኩ። ቴፑ ውስጥ ከተን አዳመጥነው። አያትየው ያንጎራጉራሉ፣ ጥርት ብሎ ይሰማል። እኔ በኩራት ቀና አልኩ። ሴትዮዋ ትንሽ አዳመጡና «ልጄ፣ ሰዎቹ የት ሄዱ?» አሉኝ። ምን እንደምመልስ ግራ ገባኝ። «እዚህ ጋ እኔ እልል ብዬ ነበር እኮ። እዚህ ጋ እህቴ አልቅሳ ነበር። እናቴ ያንን ሰምታ ነው እንዲህ ያለችው።» ገንዘባቸውን ልመልስ ብል አልቀበልም አሉ። ካሴቱን መልሰው ቋጥረው ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለተኛውን ማይክ ዘግቼ አላውቅም።

አንቺ የሰማሽው የሌሎች ዘፋኞች ቅጂ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ይመስለኛል። ዘፋኟ መስታወት ፊት ቆማለች፣ ጆሮዋ ላይ ኢርፎን አለ፣ ሰው የለም። ጥርት ያለ ነው፣ ያምራልም። ግን ሲያልቅ ያው ሰዎቹ የት ሄዱ ነው።

አንድ ደግሞ በጆሮሽ የተሰማሽ፣ በቃል ግን ያላልሽው ነገር አለ ብዬ እገምታለሁ። ዜማው አዲስ ሆኖብሻል? አይመስለኝም። የ«አሜዚንግ ግሬስ» ዜማ የቆመው በአምስት ድምፅ ላይ ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ይህ ደግሞ የሙዚቃ ተማሪዎች ትዝታ ሜጀር የሚሉት ቅኝት ያለው ድምፅ ነው። ቁጭ አድርገሽ ብታወዳድሪያቸው አምስቱም አንድ ናቸው። ላረጋግጥ ብዬ ጎረቤቴን ክራር መቺውን ጠየቅኩት። «ክራርህን በትዝታ እንደተቃኘ ይዘህ ና» አልኩና ቪዲዮውን አሰማሁት። መነሻውን እስኪያገኝ ትንሽ ተቸገረ። ዝቅ የሚለውን ድምፅ ክሩ ላይ ሲያጣው ወደ ላይ አንስቶ መታው። ከዚያ በኋላ አንድም ክር ሳያላላ፣ አንድም ሳይወጥር ዜማውን ጨረሰው። ሚስቱ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «የማን ትዝታ ነው?» አለች። በእርግጥ አሪታ ዜማውን ስታስጌጥ ከአምስቱ ወጣ ትላለች፤ የጥቁሮቹ ብሉዝ እዚያ ውስጥ አለበት። መሠረቱ ግን አንቺ ከእናትሽ ጀርባ ላይ ሆነሽ የሰማሽው ድምፅ ነው። ቅኝቱ በሩን ከፈተልሽ እንበል። ግን ቅኝት ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ሌሎቹም ባስለቀሱሽ ነበር።

ስለ ግጥሙ ብዙ ሰው የሚያነሳው ታሪክ አለ። ጸሐፊው ጆን ኒውተን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። የባሪያ መርከብ ካፒቴን ነበር፤ በኋላ ቄስ ሆነ። መዝሙሩን እ.ኤ.አ. በ1773 የአዲስ ዓመት ዕለት ለምዕመኖቹ አቀረበው። ዜማው የተጋባለት ቆይቶ፣ አሜሪካ ውስጥ ነው። የባሪያ ነጋዴን ግጥም የባሮች የልጅ ልጆች እንዲህ አድርገው ሲዘምሩት መስማት ቀላል ነገር አይደለም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህ ታሪክ ታክሲ ውስጥ ሆነሽ ላለቀስሽው ለቅሶ ምክንያት አይሆንም፤ አታውቂውም ነበርና።

እህትሽ የላከችልሽ ምስል ራሱ 46 ዓመት ተቀብሮ የኖረ ነው። ድምፁ እንኳ በዚያው በፈረንጆቹ 1972 በሸክላ ወጥቶ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ ከሥራዎቿ ሁሉ በሽያጭ የሚደርስበት የለም። ፊልሙን የቀረጸው ሲድኒ ፖላክ ነው፣ በኋላ ኦስካር የወሰደው። 20 ሰዓት ገደማ ቀረጹ። ግን ያቺን ከቀረጻ በፊት «ቷ!» የምትለውን ጥቁርና ነጭ እንጨት አልመቱም! ድምፁ በአንድ ማሽን፣ ምስሉ በሌላ ማሽን ነው የሚቀዳው። የሚያገናኛቸው ያቺ «ቷ» ነች። እሷ ከሌለች የትኛው አፍ የትኛውን ቃል እንዳለ ማን ይወቅ? ስንት ሰው ሞክሮ አቃተው። መጨረሻ ላይ በኮምፒውተር ተገጣጠመ። እኔ ሁለተኛ ማይክ በመዝጋቴ ይኸው እስካሁን አፍራለሁ፤ ከኔ የባሰም አለ ብዬ ተጽናናሁ።

አንድ ቅር የሚለኝ ነገር ግን አለ። አሪታ በሕይወት ሳለች ፊልሙ እንዳይታይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ አስቆማዋለች። ለሕዝብ የታየው ነሐሴ 10 ቀን 2010 ዓ.ም. ካረፈች ከሦስት ወር በኋላ፣ በቤተሰቧ ፈቃድ ነው። አይቼው አልቅሻለሁ፣ አልዋሽሽም። ግን እያየሁ «እሷ እኮ እምቢ ብላ ነበር» የሚል ነገር ሽው ይልብኛል።

ሙሉውን ፊልም ካገኘሽ ሁለተኛውን ምሽት እንዳታልፊው። አባቷ ሰባኪው ሲ ኤል ፍራንክሊን ከፊት ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ክላራ ዋርድ አለች፤ አሪታ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደሷ ልሁን ስትል የኖረች ዘማሪ ናት። ሕዝቡ መሀል የእንግሊዙን ሮክ ዘፋኝ ሚክ ጃገርን ከነጓደኛው ተደብቆ ታያለሽ፤ እሱን እለፊው። አባትየው ተነስተው ሲናገሩ የ6 እና የ7 ዓመት ልጅ ሆና ሳሎን ቤታቸው የነበረችበትን ጊዜ አስታወሰኝ ይላሉ። ዓለማዊ ዘፈን ስለዘፈነች ቤተ ክርስቲያኑን ትታለች ለሚሉም መልስ ሰጡ፤ ትታ አታውቅም አሉ። በኋላ አሪታ ራሷ ፒያኖው ላይ ተቀመጠች። ላቧ ይወርዳል። አባትየው ከመቀመጫቸው ተነስተው ጨርቅ ይዘው ሄዱና ፊቷን ይጠርጉላት ጀመር። እሷ አላቆመችም። አንድ ዝነኛ ሰው፣ ካሜራ ፊት፣ አባቷ እንደ ሕፃን ፊቷን ሲጠርጉላት። ያንን ሳይ ነው እኔ የምረታው። ክሊቭላንድ ያስለቀሰሽ አንቺን ነው፣ ያ ጨርቅ እኔን።

የሚቀጥለውን ጊዜ በስልኩ ድምፅ ማጉያ አትስሚው። ጥሩ ኢርፎን አድርጊ። መጀመሪያ ምስሉን ሳታዪ ስሚው፣ የምትቀበለውን ሴትዮ ፈልጊያት፤ ከመዘምራኑ በኩል ነች። ከዚያ በኋላ ዓይንሽን ክፈቺ።

የታክሲዋ እናት «ማን ሞተብሽ?» ብለውሽ ነበር። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ልቁጠርልሽ፤ ክላራ ዋርድ ከዚያ ምሽት በኋላ ልክ በዓመት ከሁለት ቀኗ፣ በ1973 ጃንዋሪ አረፈች። አባትየው በ1979 ቤታቸው ውስጥ በጥይት ተመትተው 5 ዓመት ራሳቸውን ሳያውቁ ተኝተው በ1984 ሞቱ። ክሊቭላንድ በ1991። ፖላክ በ2008 የቀረጸውን ሳይጨርሰው። አሪታ በ2018። እንግዲህ ሴትዮዋን ድጋሚ ታክሲ ላይ ካገኘሻቸው ዝርዝሩ ይኸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሽዬ፣ ጀማሪ ድምፃዊ ነኝ። በቅርቡ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዬን በመድረክ አስመርቃለሁ። ላይቭ ስዘፍን ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ድምፄ ይሰነጠቅብኛል። ጓደኞቼ በፕሌይባክ ሥራ ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ጓደኞችህ ከልባቸው ነው፤ አትቀየማቸው። ግን በፕሌይባክ ከሠራህ ሰዉ ያጨበጭብልሃል፣ አንተ ግን ልትሰማው አትችልም። ቢጮኹም ባይጮኹም ዘፈኑ ያው በተቀዳበት ይሄዳል። መቆም ብትፈልግ አትቆምም፤ አንድ ቃል መድገም ብትፈልግ አትደግምም።

ድምፅህ የሚሰነጠቀው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ ችግሩ ከኪዩ ነው፤ ዘፈኑ ከተቃኘበት የድምፅ ከፍታ ማለቴ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ 20 ጊዜ ሞክረህ፣ ጥሩውን መርጠው ያስገቡልህ ኖታ ይሆናል። ለመድረኩ ባንዱ አንድ ቶን ያውርድልህ። ካስፈለገ አንድ ተኩል። አድማጩ አያውቅብህም፣ እኔ እንኳ ላላውቅብህ እችላለሁ። የምትጠጣው ውሃ ቀዝቃዛ አይሁን። በዋዜማው አትጩህ፣ ኳስ ሜዳም አትሂድ።

የድምፅ ሰውየውን ደግሞ ከሳውንድ ቼክ በፊት ቡና ጋብዘው። ፊትህ የሚቀመጠው ሞኒተር፣ ራስህን የምትሰማበት ድምፅ ማጉያ ላይ ከራስህ ድምፅ ሌላ ምንም እንዳያበዛብህ ንገረው። ራሱን የማይሰማ ዘፋኝ ይጮኻል፤ የሚጮህ ዘፋኝ ደግሞ ይሰነጠቃል። እና አንድ ማይክ ወደ ሕዝቡ አዙሮ እንዲቀዳልህ ለምነው። ገንዘብ ከጠየቀህ ክፈለው።